ኮዱ ክፍት ነው ሲባል ምኑ ነው የተከፈተው?

ስካይፕ እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2025 ተዘጋ። በ2003 የተጀመረና በ2011 ማይክሮሶፍት በ8.5 ቢሊዮን ዶላር የገዛው የኢንተርኔት ጥሪ አገልግሎት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ኢንተርኔት ቤት ገብቶ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፍቶ፣ መስመሩ በተቆራረጠ ቁጥር «ይሰማል? ይሰማል?» እያለ ከባሕር ማዶ ዘመዱ ጋር ያወራ ሰው ስሙን አይረሳውም። ባለቤቱ በቃኝ ባለ ጊዜ ግን ተረክቦ የሚያስቀጥለው አልተገኘም፤ ሊገኝም አይችልም ነበር። ኮዱ የኩባንያው የግል ንብረት ነበርና።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 20 ደግሞ በአማዞን የመረጃ ማዕከላት ላይ በደረሰ ብልሽት ሲግናል የተባለው የመልእክት መተግበሪያ ለሰዓታት ተስተጓጎለ። ሲግናል እንደ ስካይፕ አይደለም፤ ኮዱን ማንም ማውረድ ይችላል። በዚያ ቀን ግን ኮዱ ክፍት መሆኑ አንድ መልእክት እንኳ አላሻገረም።

እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው «ታዲያ በስልክም በኮምፒውተርም የሚሠራ፣ ክፍት የሆነና የማይከዳ መተግበሪያ የቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በየግሩፑ የሚሰጡት መልሶች ግን ጥያቄውን ያወሳስቡታል። «ቴሌግራም ኦፕን ሶርስ ስለሆነ አይጠለፍም» ይባላል፤ «ዋትሳፕ የፌስቡክ ስለሆነ መልእክትህን ያነባል» ይባላል፤ «ሲግናልን የሠራው የአሜሪካ መንግሥት ነው» የሚልም አይጠፋም። ሦስቱም ውስጥ የእውነት ፍንጣሪ አለ፤ ሦስቱም እንዳሉ ከተወሰዱ ያሳስታሉ። ክፍት መሆን፣ ምስጢር መጠበቅና ሳይቋረጡ መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱን ያሟላ ሌላውን ያሟላል ማለት አይደለም።

አንድ ቃል፣ አራት ነገር

ኦፕን ሶርስ ወይም ክፍት ምንጭ የሚባለው፣ ፕሮግራመሮች የጻፉትን ኮድ ማንም እንዲያነበው፣ እንዲያሻሽለውና የራሱን ቅጂ እንዲሠራበት በፈቃድ የተለቀቀ ፕሮግራም ነው። በነጻ ከመስጠት ጋር አይገናኝም። ዋትሳፕ አያስከፍልም፣ ኮዱ ግን ዝግ ነው። የስዊዘርላንዱ ስሪማ በገንዘብ ይገዛል፣ በስልክ ላይ የሚጫነው ኮዱ ግን ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ክፍት ነው።

የመልእክት መተግበሪያ ደግሞ አንድ ፕሮግራም ብቻ አይደለም። እኛ ስልክ ላይ የሚጫነው አለ። መልእክቱን ተቀብሎ የሚያሻግረው ሰርቨር አለ። ሁለቱ የሚግባቡበት ሥርዓት፣ ፕሮቶኮል የሚባለው፣ አለ። አራተኛውን ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ ከፕሌይ ስቶር ያወረድነው ፋይል በእርግጥ ያ ለሕዝብ ከተለቀቀው ኮድ የተሠራ ነው ወይ የሚለው ነው። ይህንን ለማረጋገጥ ሌላ ባለሙያ ኮዱን ወስዶ ራሱ ይገነባውና የወጣለትን ፋይል ከመደብሩ ፋይል ጋር ያመሳክራል። ሲግናል በአንድሮይድ ይህን ማመሳከር ከ2016 ጀምሮ የሚቻል አድርጎታል። በአይፎን ግን የአፕል መደብር አሠራር ሥራውን በጣም ያከብደዋል።

በዚህ መስፈርት ቴሌግራም ግማሽ ክፍት ነው። በስልክና በኮምፒውተር የሚጫኑት ኮዶቹ ክፍት ናቸው፣ ሰርቨሩ ግን ዝግ ነው። ሲግናል የሁለቱንም ወገን ኮድ ይለቃል። እሱም ቢሆን እንከን አላጣም፤ ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል አዲሱን የሰርቨር ኮድ ሳይለቅ ቆይቶ ተወቅሷል። በኋላ እንደታየው በዚያ ጊዜ የክሪፕቶ ገንዘብ መላኪያ እየሠራ ነበር።

የሰርቨሩ ኮድ ቢለቀቅም እንኳ አንድ ክፍተት ይቀራል። ኩባንያው ኮምፒውተር ላይ አሁን የሚሠራው ያ የተለቀቀው ኮድ ለመሆኑ ከውጭ ሆኖ የሚያይ የለም። ስለዚህ በደንብ የታሰበበት ንድፍ ከመነሻው ሰርቨሩን አያምንም። ሰርቨሩ ተንኮለኛ ቢሆን እንኳ መልእክቱን እንዳያነብ አድርጎ ይሠራል። የሲግናል ጥንካሬም፣ የቴሌግራም ዋና ድክመትም እዚህ ላይ ነው።

ቁልፉ ማን ኪስ ውስጥ ነው?

ፖስታ ቤት በሌለበት ዘመን ደብዳቤ በመንገደኛ ይላክ ነበር። ደብዳቤው ታሽጎ ከተሰጠ መንገደኛው ማን ለማን እንደላከ ያውቃል፤ ውስጡን ግን አያውቅም። ሳይታሸግ ከተሰጠው ባያነበውም ሊያነበው ይችላል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ የሚባለው ያ እሽግ ነው። መልእክቱ ላኪው ስልክ ላይ ይቆለፋል፣ የሚከፈተው ተቀባዩ ስልክ ላይ ብቻ ነው፣ መሐል ያለው ሰርቨር መንገደኛ ብቻ ይሆናል።

አንድ መተግበሪያ እሽግ ይሁን ክፍት ደብዳቤ ለማወቅ ፕሮግራመር መሆን አያስፈልግም። ስልኩ ጠፋ እንበል። አዲስ ስልክ ተገዝቶ፣ በኤስኤምኤስ የመጣችው ኮድ ብቻ ገብታ የአምስት ዓመት ወሬ ከነፎቶው ተመልሶ ከመጣ፣ ቁልፉ ከባለቤቱ ሌላ ሰው ጋርም አለ ማለት ነው። ቴሌግራም እንዲህ ነው የሚሠራው። ተራው ቻትም ግሩፑም ቻናሉም ሁሉ የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ፣ ኩባንያው ራሱ በያዘው ቁልፍ ነው። ምቾቱም ከዚያ ይመጣል። ስልክ፣ ታብሌት፣ ኮምፒውተር እኩል ይከፈታሉ፣ አንዱ ላይ የተጀመረ ጽሑፍ ሌላው ላይ ይጠብቃል።

ቴሌግራም ውስጥ ከሚጻፉት መልእክቶች የታሸገው «ሚስጥራዊ ቻት» ብቻ ነው። እሱም ራሱ አይመጣም። የሰውየው ስም ተነክቶ፣ ሦስቷ ነጥብ ተከፍታ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ ይጀመራል። በግሩፕ የለም። በዊንዶውስና በሊነክስ በሚጫነው ቴሌግራም ዴስክቶፕ ላይም የለም። ቴሌግራምን በየቀኑ ከሚጠቀሙት ሰዎች ስንቱ አንድ ጊዜ እንኳ ከፍቶት እንደሚያውቅ መገመት አይከብድም።

የቴሌግራም ደጋፊዎች የሚያነሡት ክርክር አለ፤ ቀላል አይደለም። ኩባንያው የምስጠራ ቁልፎቹን በተለያዩ አገሮች ከፋፍሎ ስለሚያስቀምጥ አንድ መንግሥት ብቻውን ሊያስገድደው አይችልም ይላል። ይህ ግን ኩባንያውን ማመን ነው፤ በኮድ የሚረጋገጥ ነገር አይደለም። ኦገስት 24 ቀን 2024 መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ ፓሪስ አቅራቢያ ለ ቡርዤ አውሮፕላን ማረፊያ ተያዘ። በቀጣዩ ወር ቴሌግራም ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት በወንጀል የተጠረጠሩ ሰዎችን የስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ ሊሰጥ እንደሚችል በፖሊሲው ላይ ጻፈ። ፖሊሲ በአንድ ወር ይቀየራል፤ የሌለን ቁልፍ ግን ማንም አስገድዶ መቀበል አይችልም።

በሌላ በኩል ኢትዮጵያ ውስጥ ቴሌግራም ከደብዳቤ ይልቅ ጋዜጣና ገበያ ነው። የሥራ ማስታወቂያ፣ የፈተና ዜና፣ የጫማ ሻጭ፣ የመጽሐፍ ፒዲኤፍ የሚገኝበት ቦታ ነው። ለዚህ ሁሉ ምስጠራ ምንም አይጨምርም። ችግሩ የሚመጣው ጫማ የተገዛበት ቻት ላይ የፓስፖርት ፎቶም ሲላክበት ነው።

ዝግ ሆኖ የሚቆልፍ

ዋትሳፕ ክርክሩን ያስቸግረዋል። ኮዱ ዝግ ነው፤ ነገር ግን ከኤፕሪል 2016 ጀምሮ የሁሉንም ተጠቃሚ መልእክት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመሰጥራል፣ የሚጠቀመውም የሲግናልን ፕሮቶኮል ነው። ስለዚህ ዝግ የሆነው ዋትሳፕ የግሩፕ ወሬን ሲያሽግ፣ ግማሽ ክፍት የሆነው ቴሌግራም አያሽግም። «ዋትሳፕ መልእክትህን ያነባል» የሚለው በዚህ ምክንያት ልክ አይደለም፤ የሚቀረው ጥርጣሬ ኮዱ ተገልጦ ስለማይታይ የኩባንያውን ቃል ማመን የግድ መሆኑ ነው።

የዋትሳፕ ሌላው ጥያቄ ሜታዳታ ነው። ሜታዳታ ማለት የደብዳቤው ይዘት ሳይሆን ማን ለማን፣ መቼ፣ በምን ያህል ድግግሞሽ ላከ የሚለው መረጃ ነው፤ መንገደኛው ሳይከፍት የሚያውቀው ነገር። በ2021 መጀመሪያ ዋትሳፕ ከእናት ኩባንያው ጋር ስለሚጋራው መረጃ ፖሊሲውን ለማደስ ሲነሣ ብዙ ሕዝብ ወደ ሲግናልና ወደ ቴሌግራም ጎረፈ። ይዘቱን ስላሰጋው ወደ ቴሌግራም የሄደው ሰው ከታሸገ ወዳልታሸገ መሄዱን አላወቀም ነበር።

ሜታዳታ ምን ያህል እንደሚያለያይ የሚያሳይ አንድ ማስረጃ አለ። በ2016 ሲግናል ስለሁለት ስልክ ቁጥሮች የያዘውን ሁሉ እንዲያስረክብ በአሜሪካ ከቨርጂኒያ ምሥራቃዊ ወረዳ የፌዴራል ዐቃቤ ሕግ የፍርድ ትእዛዝ ደረሰው። አንደኛው ቁጥር ጨርሶ አልተመዘገበም። ስለሁለተኛው የተሰጠው መልስ ሁለት ቀኖች ብቻ ነበሩ፤ መለያው የተከፈተበትና ለመጨረሻ ጊዜ ከሰርቨሩ ጋር የተገናኘበት። የጓደኞች ዝርዝር የለም፣ ግሩፕ የለም፣ ስም የለም። ድርጅቱ አልሰጥም ስላለ አይደለም፤ ከመነሻው ስላላስቀመጠው ነው።

ሲግናልን ከአሜሪካ መንግሥት ጋር የሚያያይዘው ወሬ መነሻ አለው። ከ2013 እስከ 2016 ድረስ የሲግናል አባት የሆነው ኦፕን ዊስፐር ሲስተምስ ከኦፕን ቴክኖሎጂ ፈንድ ሦስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ አግኝቷል፤ ፈንዱ ደግሞ ገንዘቡን የሚያገኘው ከአሜሪካ ኮንግረስ ነው። ኮዱ ክፍት መሆኑ የሚጠቅመው እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲመጣ ነው። በ2016 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የሚገኙበት ቡድን ፕሮቶኮሉን ፈትሾ በንድፉ ላይ ከባድ ጉድለት አላገኘንም ብሏል። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ማወቅ ተገቢ ነው፤ መቆለፊያውን መመርመር ግን ከዚያ የበለጠ ይናገራል።

ሒሳቡን ማን ይከፍላል?

ኮድ በነጻ ይገለበጣል። ሰርቨር፣ ኤሌክትሪክ፣ ኤስኤምኤስና የሠራተኛ ደመወዝ ግን በነጻ አይገኙም። ሲግናል ለትርፍ ባልቆመ ፋውንዴሽን ሥር ነው። ፋውንዴሽኑ በ2018 የተቋቋመው ከዋትሳፕ መሥራቾች አንዱ የሆነው ብራያን አክተን በሰጠው 50 ሚሊዮን ዶላር ነው። ድርጅቱ በ2023 ወጪውን ዘርዝሮ ሲያወጣ በ2025 በዓመት 50 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያስፈልገው ገመተ። ከሁሉም የሚገርመው የምዝገባ ወጪው ነው። አዲስ ተጠቃሚ ሲመጣ የምትላከው የማረጋገጫ ኮድ ብቻዋን በዓመት ስድስት ሚሊዮን ዶላር ያህል ትበላለች፤ ለሰርቨር ከሚወጣው እጥፍ ማለት ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ለቴሌኮም ኩባንያዎች ነው።

ልገሳ ላይ የቆመ ድርጅት ነገ ምን እንደሚገጥመው አይታወቅም የሚል ስጋት አለ፤ ትክክለኛ ስጋት ነው። ሆኖም ትርፍ ላይ የቆመውም ምን እንደሚገጥመው ስካይፕ አሳይቷል። ልዩነቱ ከውድቀት በኋላ ያለው ነው። ሲግናል ቢዘጋ ኮዱን ወስዶ አዲስ ሰርቨር መትከል ይቻላል። ተጠቃሚዎቹ ግን አብረው አይወሰዱም፤ ሁሉም ዳግም ተመዝግቦ ዳግም መፈላለግ አለበት።

የኦክቶበሩ መቋረጥ የሌላ ድክመት ውጤት ነበር። ሲግናል አንድ ድርጅት የሚመራው አንድ አገልግሎት ነው፤ ሁሉም በአንድ በር ይገባል። በሩ ሲዘጋ ሁሉም ውጭ ይቀራል።

ከኢትዮ ቴሌኮም ወደ ሳፋሪኮም እንደመደወል

ለአንድ በር ችግር መፍትሔ ተብሎ የሚቀርበው ፌዴሬሽን ነው። ቃሉ ከፖለቲካው ጋር እንዳይምታታ፣ እዚህ ላይ ትርጉሙ ቀላል ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ሲም ያለው ሰው ሳፋሪኮም ወዳለው ይደውላል፤ ሁለቱ ኩባንያዎች የጋራ መግባቢያ ስላላቸው። ኢሜይልም እንዲሁ ነው። ዋትሳፕ፣ ሲግናልና ቴሌግራም ግን እንዲህ አይደሉም፤ የአንዱ ተጠቃሚ ለሌላው መጻፍ አይችልም።

ማትሪክስ የተባለው ፕሮቶኮል በ2014 የተጀመረው ይህን ለመለወጥ ነው። ማንኛውም ተቋም የራሱን ሰርቨር ይተክላል፣ ሰርቨሮቹ እርስ በርስ ያወራሉ፣ ተጠቃሚው ኤለመንት በሚባለው ወይም በሌላ መተግበሪያ ይገባል። ስልክ ቁጥር ግድ አይደለም፤ በኮምፒውተር አሳሽ ብቻ መጠቀምም ይቻላል። ፈረንሳይ ለመንግሥት ሠራተኞቿ ቻፕ የተባለ መተግበሪያ የሠራችው በማትሪክስ ላይ ነው። የጀርመን ጦርም የራሱን በዚያው ላይ ሠርቷል።

ይህ ለእኛም ክርክር ይጠቅማል። በኦገስት 2021 የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ በጊዜው ዳይሬክተሩ በሹመቴ ግዛው በኩል ፌስቡክን፣ ትዊተርንና ዋትሳፕን የሚተኩ የአገር ውስጥ መድረኮች እየተሠሩ መሆኑን ለሮይተርስ ገልጾ ነበር። የአገርን መረጃ በአገር ማቆየት የሚለው ሐሳብ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ፈረንሳዮቹም ያሉት ይህንኑ ነው። እነሱ ግን ክፍት የሆነና ሌላው የሚመረምረው ፕሮቶኮል ወሰዱ። «የአገር ውስጥ ነው» የሚለው መለያ ብቻውን ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ አይናገርም።

ማትሪክስም ድክመቶች አሉት። ከሁሉም ተጠቃሚን የሚያማርረው አዲስ ስልክ ሲገባ መሣሪያን ማረጋገጥ፣ የማገገሚያ ቁልፍ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ሁሉ በኋላ አልፎ አልፎ «ይህን መልእክት መፍታት አልተቻለም» የሚል ጽሑፍ ማግኘት ነው። ለኮምፒውተር ባለሙያ ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ለእናት ግን መተግበሪያውን አጥፍቶ ወደ ኢሞ መመለሻ ምክንያት ነው። የማትሪክስ ሰርቨሮች ማን ከማን ጋር በአንድ ክፍል እንዳለም ያውቃሉ፤ በሜታዳታ በኩል ከሲግናል ያንሳሉ። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ ትልቁ የሕዝብ ሰርቨር፣ የማትሪክስ ፋውንዴሽን የራሱ፣ የመረጃ ማከማቻው ተበላሽቶ ለአንድ ቀን ያህል ቆመ። ልዩነቱ የታየው እዚያ ላይ ነው፤ በሌሎች ሰርቨሮች ያሉት እርስ በርስ ማውራታቸውን ቀጥለዋል።

ከማትሪክስ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ኤክስኤምፒፒ ነው፤ በ1999 ጃበር በሚል ስም የተጀመረ፣ አሁንም የሚሠራ። ጉግል ቶክ በዚህ ፕሮቶኮል ተጀምሮ፣ ሕዝቡን ከሰበሰበ በኋላ በ2013 በሃንጋውትስ በሩን ዘጋው። ክፍት ፕሮቶኮል ባለቤት ስለሌለው አይሞትም፤ ባለቤት ስለሌለውም የሚከራከርለት ያጣል።

ቁጥሩ ሲጠፋ

ከውጭ የሚጻፉ የመተግበሪያ ንጽጽሮች እምብዛም የማያነሡት፣ ለእኛ ግን ትልቅ የሆነ ነገር አለ። ስልክ ቁጥር እንደ መታወቂያ መቆጠሩ ነው።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሲም ካርድ ከመኖሪያ ፈቃድ ጋር የተያያዘ ነው። ሪያድ ወይም ዱባይ ሠርታ የምትመለስ ሴት ቁጥሩን ትታ ትመጣለች። ቁጥሩ ከጊዜ በኋላ ለሌላ ሰው ይሸጣል። ያ ሰው ቴሌግራም ሲከፍት፣ የቀድሞዋ ባለቤት ሁለተኛ የይለፍ ቃል ካላስገባች፣ የማረጋገጫ ኮዷ ለእሱ ትደርሳለች፤ ከኮዷ ጋር የቆየው ወሬ ሁሉ ሊከፈትለት ይችላል። በሲግናልና በዋትሳፕ የድሮው ወሬ ሰርቨር ላይ ስለሌለ አዲሱ ሰው የሚያገኘው ባዶ መለያ ነው። ግሩፕ ውስጥ ያሉት ዘመዶች ግን «ቁጥሯ ተመልሶ ገባ» ብለው ሊጽፉለት ይችላሉ። ሲግናል እንዲህ ሲሆን «የደህንነት ቁጥሩ ተቀይሯል» የሚል መስመር ያሳያል፤ አብዛኛው ሰው ሳያነበው ያልፈዋል።

መፍትሔው ከመመለስ በፊት የሚሠራ ሥራ ነው። በሲግናልም በዋትሳፕም በቴሌግራምም ቅንብር ውስጥ ቁጥር መቀየሪያ አለ፤ አዲሱ የኢትዮጵያ ሲም ከተገኘ በኋላ አሮጌው ስልክ በእጅ እያለ ይቀየራል። ሲግናል ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ የተጠቃሚ ስም አስገብቷል፤ ቁጥርን ሳይሰጡ መገናኘት ይቻላል። ለመመዝገብ ግን ቁጥር አሁንም ግድ ነው። ቁጥር ጨርሶ ከማይጠይቁት መካከል ማትሪክስ፣ እንዲሁም ሴሽንና ሲምፕሌክስ የተባሉት መተግበሪያዎች ይገኙበታል።

ሌላም የባሕረ ሰላጤ እውነታ አለ። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች በኢንተርኔት የድምፅ ጥሪ የሚፈቅዱት ፈቃድ ላገኙ መተግበሪያዎች ብቻ ነው። እዚያ ላለ ዘመድ የሲግናል ጽሑፍ እየደረሰው ጥሪው ላይገባ ይችላል። ቦቲም የተባለው የጥሪ መተግበሪያ እዚያ የገነነው ከሌሎቹ ስለሚሻል አይደለም፤ ስለተፈቀደ ነው።

መስመሩ ሲዘጋ

ኢትዮጵያ ውስጥ «አስተማማኝ» የሚለው ቃል ሌላ ትርጉምም አለው። በጁን 2020 መጨረሻ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘጋ። ትግራይ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ከግንኙነት ውጭ ነበረች። በአማራ ክልል ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በፌብሩዋሪ 2023 በቤተ ክርስቲያን ጉዳይ ውጥረት በነገሠ ጊዜ የሆነው ግን የተለየ ነው፤ ኢንተርኔቱ እየሠራ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተለይተው ታገዱ።

ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። መተግበሪያ ሲታገድ ቪፒኤን ይረዳል፤ ሲግናልና ቴሌግራም በቅንብራቸው ውስጥ ፕሮክሲ የሚባል አቋራጭ ማስገቢያም አላቸው። ኢንተርኔቱ ራሱ ሲጠፋ ግን እነዚህ ሁሉ ዋጋ የላቸውም። ያን ጊዜ ስሙ የሚነሣው ብራያር ነው፤ ኮዱ ክፍት የሆነ፣ ያለ ሰርቨር በብሉቱዝና በዋይፋይ ስልክን ከስልክ የሚያገናኝ የአንድሮይድ መተግበሪያ። ከትዊተር መሥራቾች አንዱ የሆነው ጃክ ዶርሲ በ2025 ያወጣው ቢትቻትም በብሉቱዝ ይሠራል። ተስፋው ግን መጠኑን አይለፍ። ብሉቱዝ ከአንድ ግቢ ወደ ሌላ ግቢ ይደርሳል፤ ከባሕር ዳር ወደ ዋሽንግተን አይደርስም። ብራያር በአይፎን አለመኖሩም ከዲያስፖራው ጋር ለመገናኘት ያለውን ጥቅም ይቀንሰዋል።

ከመተግበሪያው ውጭ ያለው ቀዳዳ

በዲሴምበር 2013 በውጭ ለሚሠሩ የኢሳት ባልደረቦች በስካይፕ ፋይል ተላከላቸው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲቲዝን ላብ መርምሮ በ2014 እንዳስታወቀው፣ ፋይሉ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም የሚሸጠው የስለላ ሶፍትዌር ነበር። ሶፍትዌሩ ኮምፒውተሩ ላይ ከተጫነ ምስጠራ አያግደውም፤ መልእክቱ ሳይቆለፍ በፊት፣ ወይም ከተከፈተ በኋላ፣ ከስክሪኑ ላይ ያነበዋል። እዚህ ላይ ሲግናልም ሆነ ሌላው መተግበሪያ ብቻውን መድኅን አይሆንም።

የ2025ቱ የአሜሪካ ቅሌትም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። የጊዜው የብሔራዊ ደህንነት አማካሪ ማይክል ዋልትዝ ስለየመን ጥቃት በሚነጋገር የሲግናል ግሩፕ ውስጥ ጋዜጠኛ አስገብቶ ተገኘ። ምስጠራው አልተሰበረም፤ ጋዜጠኛው ተጋባዥ ነበር። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ዋልትዝ ስልክ ላይ የታየው ሲግናል ራሱ ሳይሆን ቴሌሜሴጅ የተባለ ኩባንያ ያሻሻለው ቅጂ መሆኑ ታወቀ። ቅጂው መልእክቶችን ለማኅደር ያስቀምጥ ነበር፤ በሜይ 2025 ሰርቨሩ ተሰብሮ መልእክቶች ወጡ። ክፍት ኮድን ማንም ወስዶ ማሻሻል ይችላል፤ ማሻሻያው መቆለፊያውን የሚያላላ ሊሆን ይችላል። «የተሻሻለ ቴሌግራም» ወይም «ዋትሳፕ ፕላስ» የሚባሉትን ፋይሎች ከቻናል አውርዶ የሚጭን ሰው የገባበት ነገር ይኸው ነው።

ታዲያ የቱ?

አዲስ አበባ፣ ጂዳ፣ ቴል አቪቭና ሜሪላንድ ለተበተነ ቤተሰብ፣ አንዱ አይፎን፣ ሌላው ርካሽ አንድሮይድ፣ ሦስተኛው የቢሮ ዊንዶውስ ለያዘበት ሁኔታ፣ ዛሬ ካሉት ሁሉ ሲግናል ሚዛን ይደፋል። ኮዱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ክፍት ነው፣ ያለ ምንም ቅንብር ያሽጋል፣ ለመጠቀም ሥልጠና አይጠይቅም፣ በጥሪ ጊዜ ዳታ መቆጠቢያም አለው። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ግን መጀመሪያ ስልክ ላይ ከተመዘገበ በኋላ ነው። ስልክ ሲጠፋ ወሬው እንዳይጠፋ በ2025 የመጣው የደመና ቅጂ ባለ 64 ፊደል ቁልፍ ይሰጣል። ቁልፉ ከጠፋ ድርጅቱም ሊረዳ አይችልም፤ ወረቀት ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ነው።

የራሱ የኮምፒውተር ባለሙያ ላለው ማኅበር፣ ሆስፒታል ወይም ጋዜጣ ማትሪክስ ይሻላል፤ ሰርቨሩ በራሱ እጅ ይሆናል፣ የማንም ኩባንያ ውሳኔ አይዘጋውም። ቴሌግራምን ለቻናልና ለገበያ ማቆየት ምንም አያስነውርም። በስካይፕ ወደ ተራ ስልክ ይደውል የነበረ ሰው ግን ከእነዚህ በአንዱም ያንን አያገኝም፤ ሁሉም የሚያገናኙት መተግበሪያውን ከጫነ ሰው ጋር ብቻ ነው።

የትኛውም ምርጫ ከአንድ ችግር አያመልጥም። እናት ዋትሳፕ ላይ ከሆነች ልጅም ዋትሳፕ ላይ ይቆያል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን በሕግ ለመስበር እየሞከረ ነው። የዲጂታል ገበያዎች ሕጉ ዋትሳፕ ለሌሎች መተግበሪያዎች በሩን እንዲከፍት ያስገድዳል፤ በኖቬምበር 2025 የዋትሳፕ እናት ኩባንያ ሜታ በርዲቻትና ሃይኬት ከተባሉ ሁለት ትናንሽ መተግበሪያዎች ጋር ማገናኘት እንደሚጀምር አስታውቋል። ሲግናልና ስሪማ ደግሞ የራሳቸውን የምስጢር ደረጃ ዝቅ ያደርግብናል ብለው ከዋትሳፕ ጋር ለመገናኘት አልፈለጉም። ሕጉ የሚሠራው በአውሮፓ ላሉ ተጠቃሚዎች ነው። ፍራንክፈርት ያለ ልጅ በርዲቻት ላይ ሆኖ እዚያው አውሮፓ ላለ የዋትሳፕ ጓደኛው መጻፍ ይችል ይሆናል፤ ደብረ ብርሃን ላለችው እናቱ ግን ዋትሳፑን እንደያዘ ይቆያል።